ሳል የገባበት የገና ሰላምታ

ሮይስ፦ አንድ ቃል እኮ ነው! አንድ ቃል ሰምተህ እንድትመጣ ነው የላክሁህ!

ሆሊስ፦ ሰምቻለሁ እኮ።

ሮይስ፦ እሺ፣ ምን አለች?

ሆሊስ፦ «ዕቃውን ከረጢቱ ውስጥ ያስቀምጡ» አለች።

ሮይስ፦ ከዚያስ?

ሆሊስ፦ አስቀመጥኩ። «ያልታወቀ ዕቃ ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል» አለች። እጄ ነበር።

ሮይስ፦ [ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ሊፈጠፍጠው ካለ በኋላ ዋጋው ትዝ ብሎት መልሶ አጠለቀው] አንተ ሰውዬ! የሄድከው ማሽኑ ጋ ነው! ሰው ራሱን በራሱ የሚያስተናግድበት ማሽን! ማሽን ሃይማኖት አለው?

ሆሊስ፦ ሃይማኖቷን እንጃ፣ ትሕትና ግን አላት። ሦስት ጊዜ አመሰገነችኝ።

[ሁለቱ የቆሙት ቴነሲ ውስጥ፣ ክሎቨር ጋፕ በምትባል ከተማ፣ ቢግ ባርን ከሚሉት ግዙፍ መደብር የመኪና ማቆሚያ ነው። ገና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሮይስ ታኬት የሣር ማጨጃ ጠጋኝ ነው፣ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነው፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ በወግ አጥባቂዎቹ በኩል ለካውንቲው ምክር ቤት ዕጩ ሆኗል፤ በዚህ ሁሉ መሃል የማያውቀው ነገር የለም። ሆሊስ ፕሩዊት የሚስቱ ወንድም ነው። አገሩ ሁሉ «ሆሊስ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው» ይላል፤ እሱም ከሰው ጋር መከራከር ስለማይወድ ቀስ ብሎ ይገባዋል።]

ሮይስ፦ ከሀ እንጀምር። ገንዘብ ተቀባይዋ «መልካም ገና» ካለችህ ሱቁን በምን ቀለም እንጽፈዋለን?

ሆሊስ፦ በአረንጓዴ።

ሮይስ፦ «መልካም በዓል» ካለችህስ?

ሆሊስ፦ በቀይ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ሱቅ መግዛት ያቆማል፣ አንተም ቅሬታህን ለአለቃዋ ታስገባለህ።

ሮይስ፦ ጎሽ! አየህ፣ ስትፈልግ ይገባሃል።

ሆሊስ፦ ግን ሮይስ፣ ገና በዓል አይደለም እንዴ?

ሮይስ፦ ነው እንጂ!

ሆሊስ፦ ታዲያ መልካም ቢሆን ምን ቸገረን?

ሮይስ፦ ስሙን ነው የምልህ፣ ስሙን! ስሙን የማይጠሩት አውቀው ነው! ክርስቶስን ከገና ውስጥ እያወጡት ነው!

ሆሊስ፦ እነማን ናቸው?

ሮይስ፦ እነሱ ናቸዋ!

ሆሊስ፦ [ግራ ቀኝ እየተገላመጠ] የት ወሰዱት?

ሮይስ፦ [የራሱ ፒክአፕ መኪና ጎን ላይ የተወጠረውን ጨርቅ በጣቱ እየደበደበ] አንብብ! «ክርስቶስን ወደ ገና እንመልስ። ሮይስ ታኬትን ይምረጡ።»

ሆሊስ፦ ሮይስ ከክርስቶስ ይበልጣል።

ሮይስ፦ ምን አልክ?

ሆሊስ፦ ፊደሉን ነው የምልህ። በቁመት።

ሮይስ፦ አታሚዎቹ ናቸው እንደዚያ ያደረጉት!

ሆሊስ፦ እዚሁ ቢግ ባርን አይደል ያሳተምከው?

ሮይስ፦ ያ አድማው ሳይጀመር ነው! አሁን ሂድ። እኔ የአድማው መሪ ሆኜ እዚያ ውስጥ ብታይ ሰው ምን ይላል? ማሽን አይደለም፣ ሰው ጋ! ሦስት ቁጥር መክፈያ ላይ አንዲት ሴት አለች፣ ባለ ቃጭል ኮፍያ ያደረገች። በበሩ መስታወት ትታየኛለች፤ ፊቷ ግን አይታየኝም።

[እንኳንም አልታየው! ሆሊስ ቅድም ማሽኑ ጋ የሄደው ተሳስቶ አይደለም። ሦስት ቁጥር ላይ የቆመችው እህቱ ዋንዳ ናት፤ የሮይስ የገዛ ሚስት። ክረምት ሲገባ ሣር አይታጨድም፣ ሣር ካልታጨደ ማጨጃ አይሰበርም፤ የተረፈችውን ጥሪት ደግሞ ሮይስ በምርጫ ጨርቅና በሰሌዳ ጨርሷታል። ስለዚህ ዋንዳ የቤቱ ማሞቂያ እንዳይጠፋ ብላ የበዓል ሰሞን ጊዜያዊ ሥራ ተቀጠረች። ለባሏ ግን «ቤተ ክርስቲያን ለድሆች ብርድ ልብስ እየሰፋን ነው» አለችው። ጊዜያዊ ሠራተኛ አንድ ቅሬታ ከቀረበበት ያንኑ ቀን ይሰናበታል፤ ከኅዳሩ የምስጋና ቀን ወዲህ ሁለት ሴቶች በሮይስ ወረቀት ተባረዋል። ዋንዳ ወንድሟን «እስከ ገና አደራህን!» ብላ አስምላዋለች። ሆሊስ ገባ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም የአጋዘን ቀንድ የተሰፋበት ሹራብ ይዞ ወጣ።]

ሮይስ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

ሆሊስ፦ የውሻ ሹራብ።

ሮይስ፦ ውሻ የለህም!

ሆሊስ፦ ሳይገዙ ሰላምታ የለማ። ሰላምታው የሚመጣው ከደረሰኙ ጋር ነው።

ሮይስ፦ እሺ ይሁን፣ ምን አለችህ?

ሆሊስ፦ «መልካም…» አለችና ሳለች።

ሮይስ፦ ሳለች?

ሆሊስ፦ እህእ! እህእ! እንደዚህ።

ሮይስ፦ መልካም ምን ልትል ኖሯል?

ሆሊስ፦ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ።

ሮይስ፦ አፏስ? አፏን አይተሃል? «በ» ልትል ከሆነ ከንፈሯ ይገጥማል፤ «ገ» ከሆነ አይገጥምም። ገጥሟል አልገጠመም?

ሆሊስ፦ በእጇ ሸፍናው ነበር። ጨዋ ሴት ናት፣ ስትስል አፏን ትሸፍናለች።

ሮይስ፦ ተንኮል ነው! የለየለት ተንኮል! ሳል ውስጥ ተደብቃለች!

[እውነቱን ነው፣ ምን ይደረግ፣ አንዳንዴ ሮይስም ይሳካለታል። የመደብሩ ደንብ «መልካም በዓል» በሉ ይላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ደግሞ «ገና» ካላላችሁ ይላል። ዋንዳ ሁለቱን ጌቶች በሳል ስታገለግል ሦስት ሳምንቷ ነው።]

ሆሊስ፦ ሮይስ፣ ብርድ ነው። ቤት እንሂድ።

ሮይስ፦ ቤት ስትል አስታወስከኝ። ምስክርነት ልስጥህ፣ ነገም ቤተ ክርስቲያን እናገረዋለሁ። የማሞቂያችን ጋዝ ታንከሩ ውስጥ አልቆ ነበር። ቀስቱ ባዶ ላይ! ምን አደረግሁ? ተንበረከክሁ። ማክሰኞ ማታ ከስብሰባ ስመለስ አየሁት፤ ጢም ብሎ ሞልቷል!

ሆሊስ፦ [ጫማውን እያየ] ዋንዳስ ምን አለች?

ሮይስ፦ አለቀሰች። በደስታ።

ሆሊስ፦ ጋዝ የሚያመጣው መኪና መጥቶ ይሆን እንዴ?

ሮይስ፦ ቢመጣስ? ባለመኪናውን ማን አስነሳው? ለዚህ ነው እኮ መንግሥት ለችግረኛ ጋዝ መሙላቱን ይተው የምለው! ምክር ቤት ስገባ መጀመሪያ የማስዘጋው እሱን ነው። ይጸልዩ! እኔ ጸልዬ ሞልቶልኛል።

ሆሊስ፦ ጸልየው ያልሞላላቸውስ?

ሮይስ፦ ይሥሩ!

ሆሊስ፦ አንተ ግን ስትጸልይ ነበር።

ሮይስ፦ አትጠማዘዝብኝ! ያልሠራ አይብላ፣ አለቀ! ሂድ አሁን፣ ሳሉ ሳይሆን ቃሉ ነው የምፈልገው።

[ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ወጣ። አሁን የያዘው ካርቶን ነው።]

ሮይስ፦ አለች?

ሆሊስ፦ አለች። «ለእርስዎም» አለችኝ።

ሮይስ፦ ለእርስዎም ምን?

ሆሊስ፦ እኔ «መልካም ገና» ስላት፣ እሷ «ለእርስዎም» አለች።

ሮይስ፦ ለምን ቀደምካት? ሰው እንዴት ለሚመረምረው ሰው መልሱን ይነግራል?

ሆሊስ፦ እናቴ ቀድመህ ሰላም በል ብላ ነው ያሳደገችኝ።

ሮይስ፦ አቤት ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! ካርቶኑስ?

ሆሊስ፦ ዋፍል የሚሉት የጣፋጭ ቂጣ መጋገሪያ።

ሮይስ፦ በገንዘቤ የዋፍል መጋገሪያ! ስንት አወጣህበት?

ሆሊስ፦ በግማሽ ዋጋ ነው።

ሮይስ፦ [ድምፁ ዝቅ አለ] በግማሽ?

ሆሊስ፦ ከላይ የገና አባት ምስል አለው፤ ዋፍሉ ላይ ጢሙ ይወጣል።

ሮይስ፦ [ካርቶኑን እያገላበጠ] …ለአድማው ማስረጃ ይሆናል። ሌላ ቀርቶ ነበር?

ሆሊስ፦ ሁለት።

ሮይስ፦ ሂድ። ሰላምታውን ስማና… አንዱን ለእኔ ያዝልኝ። ለማስረጃ።

[ለአራተኛ ጊዜ። ዋንዳ ወንድሟን ስታየው ዓይኗን አፍጥጣ «ደግሞ መጣህ? ምን ልበልህ?» አለችው በሹክሹክታ። ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆሟል። ከኋላ የተሰለፉት ሜክሲኳውያን ናቸው። መቼም መውጫ አታጣም ዋንዳ፣ በእነሱ ቋንቋ ተናገረች።]

ሆሊስ፦ አሁንስ ሰማሁ! «ፌሊስ ናቪዳድ» አለችኝ።

ሮይስ፦ [እንደ ተወጋ ሰው ወደ ኋላ ብሎ] ስፓኒሽ? በክሎቨር ጋፕ?

ሆሊስ፦ መልካም ገና ማለት ነው አሉኝ። በቁሙ ደግሞ መልካም ልደት።

ሮይስ፦ የማን ልደት?

ሆሊስ፦ እ?

ሮይስ፦ አየህ! የማን እንደሆነ አልተናገረችም! [ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ፒክአፑ ላይ ዘርግቶ እየጻፈ] «ሦስት ቁጥር። ሆን ብላ ትስላለች። በባዕድ ቋንቋ ትሸሻለች።» በቃ፣ ይሄን ዛሬ ነው የማስገባው።

ሆሊስ፦ ሮይስ፣ ሴትየዋ ትባረራለች እኮ።

ሮይስ፦ ትባረር!

ሆሊስ፦ ምናልባት ልጆች ይኖሯታል። ምናልባት ባሏ ሥራ ፈትቶ ይሆናል።

ሮይስ፦ ሚስቱን ካሸር አድርጎ እሱ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ወንድ ከሆነማ፣ ይበላቸው!

ሆሊስ፦ እሱስ ልክ ነህ።

[ሆሊስ ይህን ከልቡ ነው ያለው። ነገር ግን ወረቀቱ ከሮይስ እጅ ካልወጣ እህቱ አለቀላት። ሐሳቡን ላስቀይረው ብሎ በሕይወቱ ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ የማይረባውን ተናገረ።]

ሆሊስ፦ ይልቅ ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። በአየር የሚነፋ ግርግም። ሦስት ሜትር ቁመት! ዮሴፍ አለ፣ ማርያም አለች፣ የገና አባትም ተንበርክኮ አለ። መብራት አለው። ይዘምራል።

ሮይስ፦ …በስንት?

ሆሊስ፦ ሰባ በመቶ ቅናሽ። የቀረው አንድ ነው።

ሮይስ፦ [ከንፈሩን እየላሰ] ለምርጫው ሰልፍ… ፒክአፑ ላይ ቢነፋ…

ሆሊስ፦ እኔ ላምጣልህ!

ሮይስ፦ አንተ የውሻ ሹራብ ይዘህ ነው የምትወጣው። እኔው እገባለሁ።

ሆሊስ፦ አድማውስ?

ሮይስ፦ የጦር መሪ የጠላትን ምሽግ ገብቶ ያያል! ጋሪ አምጣ። ትልቁን።

[ገቡ። ሆሊስ ከኋላ «ማሽኑ ጋ ሰልፍ የለም፣ ማሽኑ ጋ እንሂድ» እያለ ቢለምነው የሚሰማው አላገኘም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሪው አናቱ ድረስ ሞላ። ሮይስ ወረቀቱን በአንድ እጁ፣ የቅናሽ ኩፖኑን በሌላው ይዞ ሦስት ቁጥር ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ግን ከኩፖኑ አልተነቀለም። ዋንዳ ባለ ቃጭሉን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ሳበችው።]

ዋንዳ፦ [ድምፅዋን አቅጥና] እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። የፈለጉትን ሁሉ አገኙ?

ሮይስ፦ [ቀና ሳይል] ይሄ ኩፖን ለግርግሙም ይሠራል ወይስ ለዋፍል መጋገሪያው ብቻ ነው?

ዋንዳ፦ ከሁለቱ ለአንዱ ነው።

ሮይስ፦ ለግርግሙ ይሁን። ቆይ፣ የበለጠ የሚቀንሰው በየትኛው ነው?

ዋንዳ፦ በዋፍሉ።

ሮይስ፦ እንግዲያው ለዋፍሉ ይሁን።

ዋንዳ፦ [ይህን ጥያቄ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ከአናቷ ካሜራ አለ] ለተቸገሩ የመደብራችን ሠራተኞች የክረምት ጋዝ አንድ ዶላር ይጨምራሉ?

ሮይስ፦ ሠራተኛ ናቸው ወይስ ችግረኛ? አንዱን ምረጪ የኔ እህት! የሠራ አይቸገርም፣ የተቸገረ አልሠራም! የእኔ ጋዝ ባለፈው አልቆ ነበር፤ ማን እንደሞላልኝ ታውቂያለሽ?

ዋንዳ፦ [ድምፅዋን ማቅጠኑ ጠፋባት] በሚገባ። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሁለት መቶ ጋሎን። ደረሰኙ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

[ሮይስ ቀና አለ። ከኮፍያው በታች ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቃቸው ዓይኖች ያዩታል። ኩፖኑ ከእጁ ወደቀ።]

ሮይስ፦ ዋንዳ?

ዋንዳ፦ በካርድ ነው በጥሬው ጌታዬ?

ሮይስ፦ አንቺ… ብርድ ልብስ… ድሆቹ…

ዋንዳ፦ [በሹክሹክታ] ድሆቹማ እኛ ነን፣ አንተ ሰው። ዝም ብለህ ክፈል፣ አለቃዬ እየመጣ ነው።

[ሥራ አስኪያጁ ትሬንት ይባላል፤ ከናሽቪል ከመጣ ገና አንድ ወሩ ነው፣ ሰዉን አያውቅም። ሮይስ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።]

ትሬንት፦ ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅሬታ ነው? በሦስት ቁጥር ላይ?

ሮይስ፦ እኔ… አይ…

ትሬንት፦ አይፍሩ፣ ይንገሩኝ። ምን አለችዎት?

ሮይስ፦ [የሚጠቅማት መስሎት፣ ደረቱን ነፍቶ] «መልካም ገና» ነው ያለችኝ! ጥርት አድርጋ!

ትሬንት፦ [ብዕር መዘዘ] ገና አለች? የመደብራችን ደንብ «መልካም በዓል» ነው። ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ። ስለጠቆሙን እናመሰ—

ሮይስ፦ አይደለም! አይደለም! ተሳስቼ ነው! «መልካም በዓል» ነው ያለችኝ!

ትሬንት፦ እርግጠኛ ነዎት?

ሮይስ፦ በመጽሐፍ ቅዱስ እምላለሁ! በዓል! «በ»! ከንፈሯ ግጥም ሲል በዓይኔ አይቻለሁ!

[ከኋላ የተሰለፉት አንገታቸውን አስግገዋል። ግማሾቹ በየእሑዱ የሮይስን የቀይና የአረንጓዴ ዝርዝር የሚሰሙ ናቸው። ሆሊስ ሳቁን ለመዋጥ የውሻውን ሹራብ ነክሷል።]

ትሬንት፦ እና ቅር አላለዎትም?

ሮይስ፦ ለምን ቅር ይለኛል? ገናም እኮ… በዓል ነው። መልካም ቢሆን ምን ቸገረን?

ትሬንት፦ እግዚአብሔር ይስጥዎት! እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስንፈልግ ነው የከረምነው። አንድ ሮይስ ታኬት የሚባል ሰውዬ ደንበኞቻችንን አስበርግጎ ጨርሷቸዋል። እባክዎ፣ ይችን ቃል በድምፅ ማጉያው ቢሉልን?

ሮይስ፦ [ዋንዳን አያት። ዋንዳ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ማጉያውን ተቀበለ] መልካም… እህእ! እህእ!

ትሬንት፦ ጉሮሮዎን ይጥረጉና እንደገና።

ሮይስ፦ መልካም በዓል።

ትሬንት፦ ስምዎንም ይጨምሩበት እንጂ!

ሮይስ፦ …ሮይስ ታኬት ነኝ።

[ከሥጋው ክፍል ማዶ አንዲት አሮጊት «ማን ነኝ ነው ያለው?» ስትል ተሰማ። ትሬንት ማጉያውን ከእጁ ወሰደ። ሮይስ የጋሪውን ዕቃ ሁሉ እዚያው ተወና፣ ለሠራተኞቹ ጋዝ አምስት ዶላር ሰጥቶ ባዶ እጁን ወጣ። ፒክአፑ ጋ ሲደርስ ጎማውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሆሊስ ከጎኑ ቆመ።]

ሮይስ፦ ታውቅ ነበር።

ሆሊስ፦ ምኑን?

ሮይስ፦ ሆሊስ!

ሆሊስ፦ አውቅ ነበር።

ሮይስ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ሆሊስ፦ ከመጀመሪያው ቀን። ጠዋት ጠዋት የማደርሳት እኔ ነኝ።

ሮይስ፦ እና ለእኔ ሳትነግር ለአንተ ነገረች! ለባሏ ሳይሆን ለ… ለ…

ሆሊስ፦ ለጅሉ።

ሮይስ፦ እንደዚያ አላልኩም። [ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ] ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቃኝ አታውቅም። እንዴት እንዲህ ያለውን አትነግረኝም?

ሆሊስ፦ ልትነግርህ ነበር እኮ። ሦስት ጊዜ ተነሥታ ነበር።

ሮይስ፦ ታዲያ ምን ያዛት?

ሆሊስ፦ ንግግርህን እስክትጨርስ እየጠበቀች ነው።